ሳይቃጠል በቅጠል
በዓባይ ሸለቆ ውስጥ የተገኘ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያ መንገድ መጀመሪያ ሰውን በደጋው ሜዳ ያዝናናዋል፤ ኋላ ግን በዓባይ ገደል አፍ ላይ አቁሞ ልቡን ይፈትነዋል። በ2010 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ቤተሰቤን ይዤ በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። የጕዞው ምክንያት የባለቤቴን እናት ለዐይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ነው። ስለ ሀገሩ ውበት ብቻ ልጽፍ አስቤ ማስታወሻ ይዤ ተነሥቼ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ሸለቆ ውስጥ የደረሰብን ነገር የማስታወሻዬን መልክ ስለ ለወጠው፣ ዛሬ ለአንባቢዎች የማቀርበው የመንገዱንና የመኪናችንን ታሪክ ባንድነት ነው።

መኪናችን በዚያን ጊዜ 22 ዓመት የሞላት፣ በናፍጣ የምትሠራ የመስክ መኪና ነበረች። ከእኛ በፊት ሁለት ባለቤቶች ነድተዋታል። የፊተኛው በጣሪያዋ ላይ ሁለት ትልልቅ መብራቶች አሳስሮባታል፤ የኋለኛው ሙዚቃ ማጫወቻና ሌባ ሲነካት የሚጮኽ ደወል ጨምሮባታል፤ እኛም በበኩላችን የስልክ ኃይል መሙያ አስገጠምንባት። ስለ ጤንነቷ የሚጠይቀን ሰው ሲኖር ሁላችንም መልሳችን አንድ ነበር፤ “ሞተሯ ገና ነው” እንል ነበር። እውነትም ሞተሯ ብርቱ ነበር። ስለ ሽቦዋ ግን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

ጧት በ12 ሰዓት ተነሥተን በእንጦጦ ትከሻ ወጣን። ሱሉልታን ጉም ለብሳ አገኘናት። ከጫንጮ ወዲያ ሜዳው ሰፊ ነው፤ የገለባው ክምር፣ በየመስኩ የተበተነው ከብት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ገበያ የሚገሠግሠው ገበሬ እየታየን ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን አለፍን። ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚወስደውን መገንጠያ በስተቀኝ ትተን፣ በፍቼና በገብረ ጉራቻ አድርገን፣ ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ስንርቅ ጎሐ ጽዮን ደረስን።

ከዚህች ከተማ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ምድር ያበቃች ይመስላል። የቆሙበት ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፣ የወንዙ ድልድይ ያለበት ስፍራ ከዚያ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በማዶ የደጀን ገደል እንደ ግንብ ተዘርግቶ ይታያል። በዐይን ሲለኩት ቅርብ ነው፤ በመንኰራኵር ሲለኩት ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቍጥር የዓለቱ መልክ ይለዋወጣል፤ ከላይ የእሳተ ገሞራ ጥቍር ድንጋይ፣ ከእርሱ ሥር የገረጣ የኖራ ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ በየተራው ተነባብሯል። መንገደኛው በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ከደጋ ብርድ ወደ በረሃ ወበቅ ይሻገራል፤ ጧት ጋቢ የደረበው ሰው እዚያ ሲደርስ የሸሚዙን ቍልፍ ይፈታል። ከሥር፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በገመዶቹ ተወጥሮ ቆሟል፤ አሮጌው ድልድይም በአጠገቡ አለ።

ሙቀቱ ስለ በረታብን የመኪናዋን የአየር ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደ ጀመርን ማራገቢያው በድንገት ጸጥ አለ።

በማዶ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ የፊውዙን ሣጥን ከፍቶ ቢጫውን ባለ 20 አምፔር ፊውዝ መዝዞ አሳየኝ፤ መኻሉ ቀልጧል። በሌላ ቢጫ ተካልንና መንገዳችንን ቀጠልን። ሉማሜ ሳንደርስ ያም ተቃጠለ። ደብረ ማርቆስ ገብተን ካደርን በኋላ መኪናዋን ወደ ሌላ ሠራተኛ ወሰድኋት። እርሱም መለዋወጫ ፊውዝ ስላልነበረው፣ ከቍራጭ ገመድ ውስጥ ጥቂት የመዳብ ክሮች ነቅሎ ጠመዘዛቸውና በፊውዙ ቦታ ሰካቸው። “ከእንግዲህ ወዲህ አይቃጠልብዎትም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ መዳቡ አልተቃጠለም። እኔም አመስግኜ፣ ገንዘቡን ከፍዬ ሄድሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ሳልሸፍን ልናገር። እኔ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ። የፊውዝን ሥዕል በየዓመቱ በጥቍር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። ፊውዝ ማለት ከመስመሩ ሁሉ ደካማ ሆኖ እንዲሠራ ሆን ተብሎ የተበጀ ቀጭን መተላለፊያ ነው። በሽቦው ውስጥ ከሚገባው በላይ ኮረንቲ ሲያልፍ እርሱ አስቀድሞ ይቀልጥና መስመሩን ይቈርጣል፤ በዚህም ሽቦውን ከመጋል፣ ቤቱን ወይም መኪናውን ከመቃጠል ያድናል። ልኩም በቀለሙ ይታወቃል፤ በተለመደው ዐይነት ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። ፊውዝ ሁለት ጊዜ ከተቃጠለ መልእክቱ “እኔን በሚበረታው ለውጡኝ” ማለት አይደለም፤ “ከእኔ በታች የታመመ ነገር አለ፤ እርሱን ፈልጉት” ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ነገር ግን መንገድ ላይ ያለ ሰው መድረስን ብቻ ያስባል፤ ዕውቀቱንም ለሌላ ቀን ያስቀምጠዋል።

ከሦስት ቀን በኋላ የባለቤቴን እናት አሳፍረን ለመመለስ ተነሣን። እርሳቸው ከሰማንያ ዓመት ያለፉ ናቸው፤ ዐይናቸው ደክሟል፣ ጕልበታቸውም ያለ ደጋፊ አያስነሣቸውም። ከኋላ ወንበር በቀኙ በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ወንዱ ልጄ በመኻል፣ የዐሥራ አንድ ዓመቷ ሴት ልጄ በግራው በር በኩል ሆኑ። የቀኙ በር የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ዓመት አልፎት ነበር። “ነገ ይሠራል” እያልን ከውጭ መክፈትን ለምደነዋል።

ከደጀን ቍልቍለቱን ጀመርን። ማራገቢያው ቤቱን የሚያናውጥ ያህል ይነፍሳል። ግማሽ መንገድ እንደ ወረድን ሴት ልጄ፣ “አባዬ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል ነገር ይሸተኛል” አለችኝ።

“የፍሬን ሽታ ነው፤ ቍልቍለት ላይ ሁልጊዜ ይሸታል” አልኋት።

ጥቂት ቈይታ፣ “ፍሬን እንዲህ አይሸትም እኮ” አለች።

“ዝም በዪ፤ መንገዱን ልይበት” አልሁ። እርሷም ዝም አለች።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት ስንያያዘው፣ በባለቤቴ እግር አጠገብ ከክሩስኮቱ ሥር ቀጭን ነጭ ጢስ ወጣ። ወዲያውም ጠቈረ። መኪናዋን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቼ አቆምሁና ቍልፉን አጠፋሁ። ማራገቢያው ቆመ፤ ጢሱ ግን አልቆመም። ባለቤቴ ወረደች። ሴት ልጄ የግራውን በር ከፍታ ወረደች፤ ወንድሟም ተከተላት። አያታቸው ግን ከማይከፈተው በር አጠገብ ናቸው። እኔ ዞሬ ከውጭ ለመክፈት ብሞክር በሩ ተቈልፏል፤ በሮቹን ሁሉ ባንድነት የሚከፍተው የኤሌክትሪክ መቈለፊያ አይታዘዝም። መስኮቱን ለማውረድ ቢጫኑት መስኮቱም አይወርድም። በመጨረሻ በግራው በር ገብቼ፣ እኒያን የከበሩ እናት በጋቢያቸው ጠቅልዬ በወንበሩ ላይ እየጐተትሁ አወጣኋቸው። ያ የወንበር ርዝመት ከአንድ ክንድ ተኩል አይበልጥም፤ ለእኔ ግን ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ረዘመብኝ።

የእሳት ማጥፊያ ነበረን። ለቦሎ ምርመራ ብለን ከገዛነው ወዲህ ግን ማንም ነክቶት አያውቅም። ባወጣው መርፌው ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ ወድቋል፤ ብጫነው እፍ ብሎ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን ዳገቱን ይወጣ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ እሳት ማጥፊያ፣ በሌላው እጁ ባለ 10 ቍጥር መፍቻ ይዞ ሮጠ። ዕድሜው ከእኔ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ንግግሩ ቍጥብ ሰው ነበር። እኔ የመጠጥ ውሃ ይዤ ልደፋ ስል በክንዱ ገታኝ። “ውሃውን ለእናታችን ያጠጡ” አለኝ። አስቀድሞ የእጁን መዳፍ ጀርባ በኮፈኑ ላይ አሳረፈ። አልጋለም፤ ጢስም አይወጣበትም። ስለዚህ ኮፈኑን ከፈተና የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ፈትቶ ለየው። የጢሱ ኀይል ወዲያው ደከመ። ከዚያም የማጥፊያውን ዱቄት ከክሩስኮቱ ሥር ረጨ። ሁሉም ነገር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልወሰደም።

“ጢሱ ከኮፈኑ ሥር ቢሆን ኖሮ አልከፍተውም ነበር” አለኝ ላቡን እየጠረገ። “የታፈነ እሳት አየር ሲያገኝ በሰው ፊት ይነሣል። ዱቄቱን በቀዳዳ ይረጩታል፤ ካልሆነ ሰውን ይዘው ይርቃሉ፤ ብረት ይተካል።”

ከዚያ በኋላ የፊውዙን ሣጥን ከፍቶ አየና የተጠመዘዘውን መዳብ በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። መዳቡ ደኅና ነው፤ ምንም አልሆነም።

“ይህን ማን አሰረው?” አለኝ።

“እኔ አሳሰርሁት” አልሁ።

የባለቤቴ እናት በድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ልጄ ጕልበታቸውን እያሻሸችላቸው ይሰሙን ነበር። ወደ እኔ ድምፅ ዞር አሉና፣ “ልጅቱ ነግራዎት አልነበረም?” አሉኝ። ከዚህ በቀር በዚያን ዕለት አንዳች ቃል አልተናገሩም። እኔም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። በአንድ ጕዞ ሁለት አስጠንቃቂዎችን ዝም አሰኝቼ ነበርና፤ አንዱን በመዳብ፣ አንዷን በቍጣ።

ያ ደግ ሾፌር እናታችንንና ባለቤቴን በራሱ መኪና አሳፍሮ እስከ ጎሐ ጽዮን አደረሰልን። እኔና ልጆቹ መኪናዋን የምትጐትት ሌላ መኪና እስክትመጣ ድረስ በገደሉ ጥላ ቈየን። ስሙን ስጠይቀው፣ “መንገደኛ ነኝ” ብሎኝ ሄደ።

አዲስ አበባ ከደረስን በኋላ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የታወቀ አንድ አረጋዊ ባለሙያ መኪናዋን ሦስት ቀን መረመረልን። ያገኘውን ሁሉ እየጠራ ስላሳየኝ፣ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ በተራ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው የማራገቢያው ሞተር ነው። ከዕድሜ ብዛት ዘንጉ ደርቆ በግድ ይዞር ስለ ነበረ ከልኩ በላይ ኮረንቲ ይስባል። ቢጫው ፊውዝ ሁለት ጊዜ የቀለጠው ስለዚህ ነው። መዳቡ በተተካ ጊዜ ግን መቅለጥ የሚገባው ፊውዝ ስላልኖረ፣ ሽቦው ራሱ ጋለ። ልባሱ ቀለጠና በአጠገቡ ካለው፣ ቍልፍ ቢጠፋም ኮረንቲ ከማይለየው ሌላ ሽቦ ጋር ተጣበቀ። ቍልፉን ካጠፋሁ በኋላ ጢሱ ያልቆመበት ምክንያት ይህ ነበር። ልጄ የሸተታትም የጋለው የፕላስቲክ ልባስ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲግል ብዙ ጊዜ የዓሣ የሚመስል ሽታ ይሰጣል።

ሁለተኛው የጣሪያው መብራቶች ሽቦ ነው። ያለ አንዳች ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ተነሥቶ፣ በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ባለው ብረት ላይ በተበሳ ራቍት ቀዳዳ ያልፋል። የፋብሪካው ሽቦ እንዲህ ባለ ቦታ ሲያልፍ ቀዳዳው በጎማ ቀለበት ይሸፈናል። የእኛው ግን በኰረኰንች መንገድ ሁሉ በብረቱ ስለት ላይ ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ሊያልቅ ክር ያህል ቀርቶታል። የመኪና ባትሪ ባለ 12 ቮልት ስለ ሆነ እጅን አይነዝርም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ራቍት ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ሲገናኝ ያው ባትሪ በቅጽበት በመቶ የሚቈጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ተጨማሪ መሣሪያ ሲገጠም የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፊውዙም ከመሣሪያው ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። የሚጠበቀው ሽቦው ነውና፣ ከፊውዙ በፊት ያለው የሽቦ ርዝመት ሁሉ ጠባቂ የለውም።

ሦስተኛው የላላ ማሰሪያ ነው። የባትሪው ጫፎች ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰው፣ አንዱ በእጅ ሲነኩት ይወዛወዝ ነበር። የዚህ አደጋ ረቂቅ ነው። የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ ኮረንቲውን ይቃወማል፤ ኮረንቲ በተቃወሙት ስፍራ ደግሞ ሙቀት ይፈጠራል። የሙቀቱ ልክ የሚገኘው የኮረንቲው መጠን በራሱ ተባዝቶ፣ ያም በተቃውሞው ሲባዛ ነው። ለምሳሌ የአንድ ማሰሪያ ተቃውሞ የኦም 5 መቶኛ ብቻ ቢሆንና 20 አምፔር ቢያልፍበት፣ በዚያች ነጥብ ላይ 20 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበትን አነስተኛ መበየጃ ያህል ነው። ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ማለት 80 ዋት ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል። በመስመሩ የሚያልፈው ኮረንቲ ከልኩ ስላላለፈ ፊውዙ ይህን አያውቀውም። ደኅና ፊውዝ ያለው መኪና እንኳ በላላ ማሰሪያ ሊቃጠል ይችላል። መድኀኒቱ ማጽዳትና ማጥበቅ ብቻ ነው።

አራተኛው የአይጥ ጎጆ ነው። መኪናዋ ማታ ማታ ከእህል ማከማቻ አጠገብ ስለምታድር፣ አይጦች ለሙቀት ወደ ሞተሩ ገብተው ገለባ አከማችተዋል፤ ሁለት ሽቦዎችንም ልጠዋቸዋል። ራቍት ሽቦና ደረቅ ገለባ ባንድ ስፍራ መገኘታቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም።

አምስተኛው ዘይት ነው። ከሞተሩ ክዳን የሚያንጠባጥብ ዘይት በሽቦዎቹ ላይ አቧራ ይዞ ደርቋል። አንዳንድ ሰው ይህን ለማስለቀቅ በላቫጆ ሞተሩን በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ያሳጥባል። ይህ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ኀይለኛ የውሃ ፍሰትም ወደ ሽቦ መገናኛዎች ገብቶ ዝገት ያመጣል። ዘይቱ የሚፈስበትን ሳይደፍኑ ማጠቡ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው።

“ከነዚህ አምስቱ ባንዱ እንጂ በሁሉም አልተቃጠላችሁም፤ ዕድለኞች ናችሁ” አለኝ ባለሙያው።

መኪናዬ ቆማ ሳለ ግን ምን ያገኛታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህም ቢሆን እርግጥ አይደለም። በአሜሪካ የፎርድ ኩባንያ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. 4.5 ሚሊዮን መኪናዎችን ለጥገና ሲጠራ፣ በዚያ ምክንያት ለዓመታት በተከታታይ የጠራቸው ድምር ከ14 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ጠንቁ ፍጥነትን በራሱ ከሚጠብቀው መሣሪያ ጋር የተያያዘች፣ ከፍሬኑ ዘይት አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። ቍልፍ ቢጠፋም ኮረንቲ አይለያትም፤ ዘይቱ ሲያልፍባት ልትግልና ልትነድ ትችል ነበር። እንደዚሁም በመስከረም 2016 ዓ.ም. የሀዩንዳይና የኪያ ኩባንያዎች በዚያው አገር 3.4 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን ጠርተው፣ እስኪጠገኑ ድረስ ከቤት ርቀው በሜዳ እንዲቆሙ መክረዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የመኪናቸውን ባለ 17 ፊደል የሻንሲ ቍጥር ለአገሩ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በማቅረብ፣ እንዲህ ያለ ጥሪ እንዳለባቸው ያለ ክፍያ ማወቅ ይችላሉ። በአገራችን ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያሉትን አሮጌ መኪናዎች አጥብቆ መጠበቅ የብዙ ቤተሰብ ግዴታ ሆኗል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ኮፈኑን ከፍቶ ዐሥር ደቂቃ መመልከት ይበቃል። የባትሪው ማሰሪያ ይወዛወዛልን? ባትሪው በቦታው ታስሯልን? ጐኑ አላበጠምን? ልባሱ የተላጠ፣ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ አለን? ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ ወይም የአይጥ ገለባ ይታያልን? ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ በክብሪት ብርሃን ማየት ክልክል ነው። ባትሪ የሚፈታ ሰው አሉታዊውን ገመድ አስቀድሞ ይፍታ፤ ሲያስርም እርሱን በመጨረሻ ይሰር። እንዲህ ካደረገ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ እሳት አይረጭም።

በመንገድ ላይ ደግሞ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም የዓሣ ሽታ፣ ሲነዱ የሚደክምና የሚበረታ መብራት፣ የሚግል ማብሪያ ማጥፊያ፣ ደጋግሞ የሚቀልጥ ፊውዝ። ከነዚህ አንዱ ከታየ ቆሞ ሞተር ማጥፋትና ሰውን ሁሉ ማውረድ ይቀድማል። እሳት ከተነሣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ቢያንስ 30 ሜትር አርቆ፣ ከመንገዱ ዳር ማቆም ነው፤ ለዕቃ ተብሎ ወደ ውስጥ መመለስ የለም። በየወሩም የማጥፊያውን መርፌ ማየት፣ የበሮቹን ሁሉ እጀታ ከውስጥ መሞከር ይገባል።

በዓመቱ የባለቤቴን እናት ዐይናቸው ተሽሎ ወደ ቀያቸው መለስናቸው። መኪናዋ ያቺው ነበረች፤ ሽቦዋ ታድሷል፣ የቀኙም በር ከውስጥ ይከፈታል፣ የየቀለሙ ፊውዝ በትንሽ ሣጥን ተቀምጧል። ከጎሐ ጽዮን ቍልቍለቱን ጀምረን እኩሌታውን እንደ ወረድን፣ ሴት ልጄ ጥቂት ፈራ ተባ ብላ፣ “አባዬ፣ ይሸተኛል” አለችኝ።

ወዲያው ጥግ ይዤ አቆምሁና ሞተሩን አጠፋሁ። አያቷን ደግፈን አወረድን። ኮፈኑን በእጄ ጀርባ ዳሰስሁ፤ የፊውዙን ሣጥን፣ የባትሪውን ማሰሪያ አየሁ። ምንም አልነበረም። ከፊታችን የወረደ የጭነት መኪና የፍሬኑን ሽታ በአየሩ ላይ ትቶት ሄዶ ኖሯል።

ልጄ አፈረች። አያቷ ግን እጇን ይዘው፣ “ደግ አደረግሽ” አሏት። በዚያ ጥግ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ዓባይ ከታች እንደ ተጣለ መቀነት ተጠማዞ ይታይ ነበር፤ ባለፈው ጊዜ በችኰላ ያላየሁትን የዓለቱን ቀለም ሁሉ ያን ጊዜ አየሁ። ከዚያም ሁላችንም ተሳፈርን።